እማዬን የምታያት ዶክተር ሳትሆን ነርስ ናት፤ ልጨነቅ?

የእማዬ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። እማዬ 84 ዓመቷ ነው። የአረጋውያን መንከባከቢያ ከገባች አምስት ወር ሆናት። ስናስገባት "የሕክምና ክትትል አለ" ተባልን። እኔ ክትትል ሲባል ዶክተር መስሎኝ ነበር። ዶክተሩን እስካሁን ያየሁት አንዴ ነው፣ እሱም በገባች ሰሞን። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች የምታያት ነርስ ፕራክቲሽነር የምትባል ናት። ጥሩ ሰው ናት። እማዬ አጠገብ ቁጭ ብላ ታጫውታታለች። እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ነገሩ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። ደወለችና "ከእናትሽ መድኃኒቶች ሦስቱን ቀስ በቀስ ላቆም አስቤያለሁ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?" አለችኝ። ደነገጥኩ። እነዚህን መድኃኒቶች ያዘዙላት እኮ ስፔሻሊስቶች ናቸው። አንዳንዱን ዓመታት ወስዳዋለች። ለወንድሜ ስነግረው ጭራሽ ጦፈ። "ዶክተር ያዘዘውን ነርስ ስታቆም የት ታይቷል?" ይላል። እውነት ለመናገር እኔም መልስ አጣሁለት።

በዚያ ላይ እማዬ ሰሞኑን ዝም ብላለች። ሳናግራት ወይ አትመልስም፣ ወይ ያልጠየቅኳትን ትመልሳለች። መርሳቱ ባሰባት መሰለኝ። ነገሩ የገባችሁ ካላችሁ አስረዱኝ።

የሌሊት ፈረቃ

እህቴ፣ እኔ ተንከባካቢ ነኝ። 11 ዓመት ሠርቻለሁ፣ አብዛኛውን አዳር። የማጥበው፣ የማገላብጠው፣ የማጎርሰው እኔ ነኝ። ከታች ሆኜ ያየሁትን ልንገርሽ።

ድሮ እንዲህ ዓይነት ነርስ በሌለበት ቤት ስሠራ፣ ሌሊት አንድ አዛውንት ትኩሳት ከያዛቸው ለተረኛ ዶክተር ይደወላል። ተረኛው አዛውንቱን በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም። ከእንቅልፉ ነው የነቃው። ምን ይበል? "ላኳቸው" ይላል። አምቡላንስ ይመጣል። ድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ላይ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ይተኛሉ። መነጽራቸውና ለመስማት የሚያግዛቸው የጆሮ መሣሪያ እኛ ጋ ኮመዲኖው ላይ ቀርቷል። ሲመለሱ ጀርባቸው ቀልቷል፣ የት እንዳሉም ጠፍቷቸዋል። እኔን እንኳን አያውቁኝም። ተሰጥቷቸው የመጣው አንቲባዮቲክ ነው። እሱማ እዚሁ አልጋቸው ላይም ይሰጥ ነበር።

አሁን ያለሁበት ቤት ነርስ ፕራክቲሽነር አለች። ጠዋት ስትገባ እኔ ልወጣ ስል እንገናኛለን። መጀመሪያ የምትጠይቀው ሁሌ አንድ ነው፦ "ማነው ዛሬ እንደወትሮው ያልሆነው?" አንድ ቀን "እማማ ትናንት እራታቸውን ግማሹን ተዉት" አልኳት። ሌላ የምላት አልነበረኝም። ቦርሳዋን እንኳን ሳታስቀምጥ ሄደች። ጀርባቸውን አዳመጠች። ትንፋሻቸውን በእጅ ሰዓቷ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች፣ 28። ሳል የለ፣ ትኩሳት የለ። "ይሄ ሳንባ ነው" አለች። በዚያው ቀን መድኃኒት ተጀመረ። አልጋቸውን ሳይለቁ ዳኑ።

እኔ 11 ዓመት ስሠራ ስለ እራት የጠየቀኝ ዶክተር አላጋጠመኝም። ክፋት አይደለም፣ እኔ በምወጣበት ሰዓት እነሱ የሉም።

አልዋጥልኝም

ሁሉም ቤት እንዲህ ቢሆንማ ማን ይጠላል? የእኔንም ስሙ።

አባቴ የነበረበት ቤት ነርስ ፕራክቲሽነሯ ለአራት ቤት አንድ ነበረች። በወር አንዴ ብቅ ትላለች። ከበሩ ላይ "አባባ እንዴት ነዎት?" ብላ ኮምፒውተሯ ላይ ትጽፍና ታልፋለች። አንድ ሰሞን አባቴ ጉልበቴን አመመኝ አለ። ማስታገሻ ታዘዘለት። ሦስት ቀን እንደዚያ ሆኖ ተኛ። ለካ ዳሌው ነው የተሰበረው። ዶክተር ቢያየው ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ራጅ ያዝለት ነበር።

ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነው። ነርስ ከዶክተር ትረክሳለች። የቀረው ሁሉ ማሳመሪያ ነው።

ስቴቶስኮፕ

አልዋጥልኝም፣ የአባትህ ነገር ያሳዝናል። ላስተባብል አልመጣሁም። የተሰበረ ዳሌ ጉልበት ላይ ሊያም እንደሚችል እኛ ሙያ ውስጥ የታወቀ ነገር ነው። እግሩን ይዞ ቀስ ብሎ ያዞረ ሰው ይጠረጥራል። በር ላይ የቆመ ግን፣ ዶክተርም ይሁን ነርስ፣ አያገኘውም። ለአራት ቤት አንድ ሰው መመደብም ለስሙ ካልሆነ ክትትል አይባልም።

እኔ ነርስ ፕራክቲሽነር ነኝ። አረጋውያን ቤት ስሠራ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ነርስ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው መርፌ ስትወጋ ነው። እኛ ነርስ ሆነን ቆይተን፣ ከዚያ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት የተማርን ነን። በሽታ እንለያለን፣ ላብራቶሪና ራጅ እናዛለን፣ መድኃኒት እንጽፋለን፣ እናቆማለንም። የሥልጣናችን ልክ እንደየአገሩ ይለያያል። አንዳንዱ ቦታ ራሳችንን ችለን እንሠራለን። ሌላው ቦታ ከሐኪም ጋር የስምምነት ወረቀት ያስፈልጋል። አሜሪካን ብትወስዱ፣ የነርሲንግ ሆም ደንቡ ነዋሪውን ሐኪም በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት በየ30 ቀኑ፣ ከዚያ በኋላ ቢያንስ በየ60 ቀኑ ይየው ይላል። ከመጀመሪያው ጉብኝት በኋላ ሐኪሙ ከእኛ ጋር እየተፈራረቀ ማየት ይችላል። እስቲ አስቡት፣ 60 ቀን! በዚያ ዕድሜ በ60 ቀን ውስጥ ስንቱ ይሆናል?

አሁን ወደ እህታችን ጥያቄ። አንድ አዛውንት ነበሩኝ፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ትንሽ ቀይሬዋለሁ። ለደም ግፊት አምሎዲፒን ይወስዳሉ። አምሎዲፒን እግር ያሳብጣል፣ የታወቀ ጠባዩ ነው። አንድ ሐኪም እብጠቱን አይቶ ሽንት የሚያሸና ኪኒን ጨመረላቸው። ኪኒኑ ሽንት ቤት ያመላልሳቸው ጀመር። አንዳንዴ አይደርሱም። ለዚያ ሌላ ሐኪም ኦክሲቡታይኒን ጻፈ። እሱ ደግሞ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ በዚያ ዕድሜ ሐሳብም ያደበዝዛል። ቀን ያንቀላፋሉ፣ ሌሊት ዓይናቸው ይፈጣል። ሦስተኛው የእንቅልፍ ኪኒን ሰጠ። ወደቁ። እኔ ጋ ሲደርሱ ካርዳቸው ላይ "የመርሳት በሽታ፣ ተደጋጋሚ መውደቅ" ይላል።

ሦስቱም ሐኪሞች ፊታቸው ያለውን ነው ያከሙት። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ የጎተተው ግን አልነበረም። እኔ አንድ ከሰዓት ሙሉ ከካርዳቸው ጋር ተቀመጥኩ። የትኛው ኪኒን በየትኛው ወር እንደገባ፣ ከዚያ ቀጥሎ ምን አዲስ ስሞታ እንደመጣ በወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ጻፍኩ። ወረቀቱን ሳየው ራሴ ሳቅሁ። ለሐኪሙ ደወልኩ፣ ተስማማን። ከመጨረሻው ጀምረን ወደ ኋላ አንድ በአንድ ፈታነው። የእንቅልፍ ኪኒን ድንገት አይቆረጥም፣ መጠኑ እየተቀነሰ ነው። ግፊታቸውንም በሌላ መድኃኒት ያዝነው። ሦስት ወር ፈጀ። ወጣት አልሆኑም፣ ዱላቸውንም አልጣሉም። ግን አንድ ጠዋት ስገባ "ትናንት ለምን ቀረሽ?" አሉኝ። ቀርቼ ነበር፤ ማስታወሳቸው ነው የገረመኝ።

ለዚህ ሥራ መመሪያም አለው። ማርክ ቢርስ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 ለአረጋውያን የሚያሰጉ መድኃኒቶችን ዝርዝር አወጣ። መጀመሪያ የተዘጋጀው ለነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች ነበር። ዛሬ የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር ያድሰዋል፣ በ2023ም አድሶታል። እና እህቴ፣ ስፔሻሊስት ያዘዘው ነገር መቼ ይቁም የሚል ቀን ብዙ ጊዜ አይጻፍበትም። አንድ ሰው መጠየቅ አለበት።

የእማዬ ልጅ

ይሄን ሁሉ ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ስሞቹን አሁን አየሁ። አንዱ ራሱ ኦክሲቡታይኒን ነው! ሌላው ማታ ማታ ለእንቅልፍ የምትወስደው የአለርጂ ኪኒን፣ ዳይፈንሃይድራሚን ይላል። ሦስተኛው የጨጓራ ነው፣ ኦሜፕራዞል፣ ስድስት ዓመቷ። ልክ ናት ማለት ነው?

ስቴቶስኮፕ

ሳላያት ልክ ናት አይደለችም ማለት አልችልም። ግን ሦስቱም በእኛ ሥራ ደጋግመው የሚነሱ ስሞች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ዓይነት ጠባይ አላቸው፣ ሁለቱም ያደናግራሉ፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ይብሳል። የጨጓራው ድንገት ከቆመ አሲዱ ለጥቂት ሳምንታት ግር ብሎ ሊመለስ ስለሚችል ቀስ ይባላል። ደግሞ በፊት ጨጓራዋ ደምቶ ከሆነ ወይም ደም የሚያቀጥን ነገር የምትወስድ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱን ንገሪያት። የትኛውን እንደምታስቀድም፣ ከቆመ በኋላ ምን ምልክት እንደምትጠብቅ፣ ማን በየቀኑ እንደሚያያት ጠይቂያት። ሦስቱንም በአንድ ቀን አቆማለሁ ካለች ያኔ ተከራከሪ።

ታናሽየው

ክሩን ላጣምመው አይደለም፣ ግን እኔም ከእንደዚህ ያለችዋ ጋር ተጣልቻለሁ። አያቴ ሲዘባርቁ ሁሌ የሽንት ኢንፌክሽን ነው። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስደው ተሽሏቸዋል። አሁን ያለችው ነርስ ፕራክቲሽነር ሽንት መርምሪልኝ ብላት እምቢ አለች። "መጀመሪያ ሌላ ነገር ልይ" አለችኝ። እኔ እኮ ነኝ የማውቃቸው!

የሌሊት ፈረቃ

ሆዳቸውን አይታለች? ሽማግሌ ሲዘባርቅ መጀመሪያ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሽንት ቤት የተቀመጠው መቼ ነው ብለህ ጠይቅ። አራት ቀን አምስት ቀን ይሆናል። ማንም አይጽፈውም።

ስቴቶስኮፕ

ታናሽየው፣ ቁጣህ ይገባኛል፣ ግን እዚህ ላይ ከእሷ ጋር ነኝ። አረጋውያን ቤት ከሚኖሩ ሴቶች ከ100 ከ25 እስከ 50ዎቹ ምንም ሳያማቸው ሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ ይገኛል። ወንዶችም ብዙ አይርቁም። ስለዚህ በማንኛውም ቀን ብትመረምር የማግኘት ዕድልህ ሰፊ ነው። ያኔ ሁሉም ሰው "ተገኘ" ብሎ ያርፋል፣ ሌላ መፈለግ ይቆማል። ከአንቲባዮቲኩ በኋላ የተሻላቸው ምናልባት በዚያው ሰሞን ውኃ በደንብ ስለጠጡ ይሆናል። አንቲባዮቲክ ደግሞ ለእሳቸው ቀላል ነገር አይደለም። ከአንቲባዮቲክ በኋላ ክሎስትሪዲየም የሚባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው ተቅማጥ ሰው ያደክማል፣ ይገድላልም።

ሲሸኑ ካቃጠላቸው፣ ትኩሳት ካለ፣ ወገባቸውን በጎን ከወጋቸው፣ ያኔ ሽንቱ ይታይ። ትኩሳት ስል ደግሞ በዚህ ዕድሜ 38 ላይሞላ ይችላል፤ በአፍ 37.8 ሲሆን እኛ እንነቃለን፣ ወይም ከወትሯቸው 1.1 ዲግሪ ከጨመረ። "መጀመሪያ ሌላ ነገር ልይ" ያለችህ ሆድ ድርቀት፣ የውኃ ጥም፣ አዲስ መድኃኒት፣ ያልተነገረ ሕመም፣ ወጥሮ የቀረ ፊኛ ማለቷ ነው። የሌሊት ፈረቃ በአንድ መስመር የጻፈው ግማሹ መልስ ነው።

ግን ምክንያቱን ሳታስረዳህ እምቢ ብቻ ብላህ ከሆነ አጥፍታለች። አንተ የምታውቃቸውን ያህል እሷ አታውቃቸውም፣ ልትጠይቅህ ይገባ ነበር።

ጡረተኛው ሐኪም

ልጆች፣ እኔ 30 ዓመት በሐኪምነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ነገሩ ሲጀመር አልወደድኩትም ነበር፣ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ሙያው ራሱ የተጀመረው ለአረጋውያን አይደለም፣ ለሕፃናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሎሬታ ፎርድ የተባለች ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የተባለ የሕፃናት ሐኪም ናቸው የመጀመሪያውን ሥልጠና የጀመሩት። ያኔም ይሄ የእናንተ ወንድም ያነሳው ጥያቄ ተነስቶ ነበር፣ ከሐኪሞችም ከነርሶችም።

ወደ አረጋውያን ቤት የመጣው ታሪክ ደግሞ ይኸው። እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ሁለት ነርስ ፕራክቲሽነሮች ኤቨርኬር የሚባል አሠራር ጀመሩ። ነርሷ ነርሲንግ ሆሙ ውስጥ እየተገኘች ነዋሪውን ትከታተላለች፣ ከሐኪሙ ጋር አብራ ትሠራለች። እ.ኤ.አ. በ2003 ሮበርት ኬንና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት፣ በዚያ አሠራር ውስጥ ያሉት ነዋሪዎች ሆስፒታል የሚገቡት ከሌሎቹ በግማሽ ያህል ቀንሶ አገኘው።

አልዋጥልኝም ደስ እንዲለው አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ አሠራር ውስጥ ነዋሪው ሲታመም ሆስፒታል ከመላክ ይልቅ እዚያው ቢታከም ለቤቱ ተጨማሪ ክፍያ ይከፈለው ነበር። ስለዚህ ነርሷ ብቻዋን አይደለም ያንን ያመጣችው። ቤቱ ተጨማሪ ሠራተኛ አቁሞ ሌሊቱን እንዲከታተል አቅም አግኝቷል። ነርስ ፕራክቲሽነር ቀጥረው የሌሊት ሠራተኛ የሚቀንሱ ቤቶች ይሄን ገጽ አላነበቡትም።

እኔን የቀየረኝ ግን ጥናት አይደለም። አንድ ጊዜ አብራኝ የምትሠራ ነርስ ደውላ "ዶክተር፣ አባባ ግፊታቸው ተኝተው 140 ነው፣ ሲቆሙ 104" አለችኝ። እኔ ለወራት የለካሁት ተቀምጠው ነው። 20 ቢወርድ እንኳን ይበቃል፣ እሳቸው 36 ወርደዋል። ለዚህ ነው የሚወድቁት። ለማስቆም ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ ደቂቃዎች ይፈጃል። እኔ ያንን ጊዜ አልሰጠሁትም።

አልዋጥልኝም

ዶክተር፣ ለቅንነትዎ ክብር ይስጥልኝ። ክፍያው ላይ ያሉት ነገር እኔ የምለው ነው። እሺ፣ ሙያውን አልጠላም። ግን ቤተሰብ በምን ይወቅ? ሁሉም ቤት "ነርስ ፕራክቲሽነር አለን" ይላል። የአባቴም ቤት ብሎ ነበር።

ስቴቶስኮፕ

ቁጥር ጠይቅ። በሳምንት ስንት ቀን ትመጣለች? ስንት ነዋሪ አላት? እኔ 70 አሉኝ፣ በሳምንት አራት ቀን እገኛለሁ፣ እሱም አንዳንዴ ይከብደኛል። እሷ በሌለችበት ቅዳሜ ሌሊት የሚደወለው ለማነው? ያ ሰው ካርዱን ያያል ወይስ በስልክ ብቻ ነው የሚሰማው? ከሐኪሙ ጋር የሚነጋገሩት በስንት ቀኑ ነው? እና የማልተወው ጥያቄ፦ ተንከባካቢዎቹን ስሟን ጠይቃቸው። ካላወቁት መልሱን አግኝተሃል።

ሦስተኛ ልጅ

እኔ አንድ ነገር ብቻ። አባቴ የልብ ድካም ነበረበት። በአንድ ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ሆስፒታል ተመላልሷል። ነርስ ፕራክቲሽነሯ አንድ ቀን እኔን አይደለም፣ እሱን ጠየቀችው። "አባባ፣ ደግሞ ቢያምዎት መሄድ ይፈልጋሉ?" ዝም አለ። ከዚያ "እዚህ መስኮት አለ" አላት።

መስኮት ስለ ምን እንደሚያወራ አልገባኝም ነበር። እሷ ገባት። ሆስፒታል አልወሰድም የሚለውን ወረቀት አብረን ሞላን። ከሁለት ወር በኋላ ትንፋሹ ሲያጥረው ሞርፊን በትንሹ ጀመረችለት፣ አልጋውን ወደ መስኮቱ አዞሩለት። ማስታገሻ እንጂ መግደያ እንዳልሆነ ለእህቴ ሦስት ጊዜ ቁጭ ብላ አስረዳቻት፣ ሦስተኛው ላይ እህቴ ተቀበለች። ስድስት ቀን ቆየ። አምቡላንስ አልመጣም።

ታናሽየው

ሆድ ድርቀት ነበር። አምስት ቀን። ሌላ ምንም አልልም።

የሌሊት ፈረቃ

😄

የእማዬ ልጅ

ትናንት ሄጄ ነበር፣ ልንገራችሁ ብዬ ነው። የጻፋችሁትን ጥያቄ ሁሉ በስልኬ ይዤ ገባሁ። ነርስ ፕራክቲሽነሯ ስልኩን ተቀብላ ራሷ አነበበችው። 62 ነዋሪ አላት። ቅዳሜና እሑድ ሌላ ነርስ ፕራክቲሽነር ትተካታለች፣ ካርዱንም ከቤቷ ሆና ታያለች። መጀመሪያ የምታቆመው የእንቅልፉን ነው፣ ግማሽ እያደረገች። ኦክሲቡታይኒኑ ከዚያ በኋላ። የጨጓራውን ስነግራት፣ እማዬ ከ10 ዓመት በፊት ጨጓራዋ ደምቶ እንደነበር አላወቀችም ነበር፤ የድሮው ሆስፒታል ካርድ አልመጣላትም። "ይሄን ባትነግሪኝ ኖሮ" አለችና እሱን ተወችው። ሁለት ብቻ ሆነ።

ስለ ዝምታዋም ነገርኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ከኪሷ ጆሮ ማያ አወጣችና በሁለቱም በኩል አየች። "ነይ እዪ" አለችኝ። ተደፍኗል፣ ጥቁር ቡሽ የመሰለ ኩክ። የዘይት ጠብታ አዘዘችላት። ከአምስት ቀን በኋላ ይታጠባል ተባለ። እኔ ለሳምንታት መርሳቱ ባሰባት ብዬ ሌሊት ሌሊት አለቅሳለሁ፣ እሷ ለካ አትሰማኝም። ለሙከራ ጆሮዋ ስር ጠጋ ብዬ ጮክ ብዬ "እማዬ፣ ደህና ነሽ?" አልኳት። "ምን ያስጮህሻል!" አለችኝ።

ወንድሜ ግን አሁንም ዶክተሩ ካልደወለልኝ ብሏል። ነርስ ፕራክቲሽነሯ አልተቀየመችም። "መብቱ ነው" ብላ ቀጠሮ ያዘችለት። ሐሙስ ይደውልለታል።